ልጆቻችን የሚማሩበት ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ማን ይቀመጣል?



ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ስለ ወተመህ ነው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ማለት ነው። ስሙን ገና ስትሰሙ የስብሰባ እንቅልፍ እንደሚመጣባችሁ አውቃለሁ። ስለ ትዳር ብጽፍ አንባቢው እንደሚበዛም አይጠፋኝም። ብዙዎቻችሁ ይህን ኅብረት የምታውቁት በልጅነታችሁ ክፍል ረብሻችሁ «ወላጅ አምጡ» ስትባሉ፣ አለዚያም የመዋጮ ወረቀት ይዛችሁ ቤት ስትገቡ ነው። አሁን ግን ከመካከላችሁ ወላጅ የሆናችሁ አላችሁ፣ ታናናሾቻችሁን የምታስተምሩም አላችሁ። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

እኔ ያለሁት ጋዝጊብላ ነው። ከሰቆጣ በስተደቡብ ያለ የዋግ ኽምራ ደጋ ወረዳ ነው፤ መቀመጫው አስከተማ ይባላል። ሙስሊሙ ጥቂት ነው፤ በጣም ጥቂት። መስጂድ ውስጥ ኢማማችንን አግዛለሁ፣ ከዐስር ሶላት በኋላም ልጆች አስቀራለሁ። እነዚሁ ልጆች ጧት መንግሥት ትምህርት ቤት ውለው ነው ወደ እኔ የሚመጡት። እኔ ዘንድ የሚቆዩት አንድ ሰዓት ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ እዚያ ግን ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። ስለዚህ የዚያ ግማሽ ቀን ነገር ሲወሰን ማን እንዳለና ማን እንደሌለ ግድ ይለኛል። የልጆቼ ትምህርት ቤት ኅብረት አባል ሆኜ ከተመረጥኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። የምነግራችሁም በዋናነት እዚያ ካየሁት ነው።

ኅብረቱ ድንገት የበቀለ ነገር አይደለም። በደርግ ጊዜ አባቶቻችን «የትምህርት ቤት ኮሚቴ» የሚሉት ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የትምህርት አመራር ወደ ታች እንዲወርድና ማኅበረሰቡ እንዲሳተፍበት አቅጣጫ አስቀመጠ። በ1994 የወጣው የትምህርት ሚኒስቴር መመሪያ ደግሞ የወላጅና መምህር ኅብረት ምን እንደሚሠራ ዘረዘረ። ኋላ ተማሪም ተጨመረበትና ስሙ ረዘመ። ከዚያ የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም መጣ። መማር ማስተማሩን፣ የትምህርት ቤቱን ምቹነት፣ አመራሩንና የኅብረተሰቡን ተሳትፎ በየዓመቱ እየገመገማችሁ ዕቅድ አውጡ የሚል ነው። በ2001 በተጀመረው የትምህርት ጥራት ማረጋገጫ ፕሮግራም ደግሞ በተማሪ ቁጥር ልክ እየተሰላ ለየትምህርት ቤቱ ድጎማ መላክ ጀመረ፤ ሰዉ «ስኩል ግራንት» የሚለው ነው። ያ ገንዘብ በምን ላይ ይዋል የሚለው ዕቅድ ኅብረቱ ፊት መቅረብ አለበት። ቾክ ይገዛ፣ መጽሐፍ ይጠገን ወይስ አጥር ይታጠር የሚለው ክርክር እዚያ ነው ያለው። በነገራችን ላይ የአሜሪካኖቹ የወላጅና መምህር ማኅበር የተጀመረው በ1897 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ በተሰበሰበ የእናቶች ጉባኤ ነው። ጠሪዎቹም አሊስ በርኒና ፊቢ ኸርስት የሚባሉ ሁለት ሴቶች ነበሩ። እኛ ዘንድ እናቶች የት እንደሚቀመጡ በኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ምገባ ላውራ፤ በእኛ አገር ያለ ምገባ ስለ ትምህርት ማውራት ከንቱ ነው። ሰቆጣ የሚለውን ስም ብዙ ሰው የሚያውቀው በሐምሌ 2007 በታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው፤ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 አስቀራለሁ ብሎ የገባው ቃል ነው። ስማችን የተጠራው በምግብ እጦት ነው ማለት ነው። በ2016 ደግሞ ድርቁ ዝቋላን፣ ሰሃላንና አበርገሌን እንዴት እንደመታ በዜና ሰምታችኋል። ከሩቅ ጎጥ ባዶ ሆዱን የተጓዘ ልጅ ሰሌዳው ይዞርበታል። ምገባ ሲቋረጥ በሳምንቱ ክፍሉ ሲሳሳ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ምገባ ሲመለስ ልጆቹም ይመለሳሉ። የስም መጥሪያ መዝገቡን አገላብጦ የምገባውን ቀን ማወቅ ይቻላል።

እህሉና ዘይቱ ከመንግሥት ወይም ከረጂ ድርጅት መጣ እንበል። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ማብላት ከጀመረ እንኳ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ግን ቦሎቄ በኩንታል ስለተጫነ ንፍሮ አይሆንም። ውሃውን ማን ይቅዳ? እንጨቱን ማን ያምጣ? ማን ይቀቅል፣ ለቀቃይዋስ ምን ይከፈላት? ጨው ሲያልቅ? መጋዘኑ አይጥ ሲገባው? ለዚህ ሁሉ ከከተማ የሚላክ ሰው የለም፤ የኅብረቱ ሥራ ነው።

እኛ ትምህርት ቤት በመጀመሪያ የተያዘው መላ እያንዳንዱ ልጅ ጧት ሲመጣ አንድ እንጨት ይዞ ይምጣ የሚል ነበር። ቀላል ይመስላል። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ሴቶቹ ልጆች ማርፈድ ጀመሩ። ወንዱ መንገድ ላይ ያገኘውን ጭራሮ አንስቶ ይገባል፤ ሴቷን ግን እናቷ «ስትሄጂ ለትምህርት ቤት፣ ስትመለሺ ለቤት» ብላ ሁለት ጊዜ ታስለቅማታለች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው። ሒሳብ እያመለጣቸው መሆኑን ያነሡት አንዲት የኅብረቱ አባል እናት ናቸው፤ ከወንዶቹ ማናችንም አላየነውም። ከዚያ በኋላ እንጨቱ ከልጆቹ ላይ ወረደና ለወላጆች በሰፈር ተራ ወጣ፤ አህያ ያለው በአህያ፣ የሌለው በሸክም፣ ሸክም የማይችል ደግሞ መጋዘን ጠራርጎ።

ተራው ሲወጣ የሆነውን ልንገራችሁ። በዋግ ደጋ የክርስቲያኑ ባዕላት ብዙ ናቸው፤ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ29 በዓለ ወልድ እያለ ይቀጥላል። በእነዚያ ቀናት እንጨት አይፈለጥም። ትምህርት ግን አለ፤ ልጁም ይራባል። የኅብረቱ ሰብሳቢ ሽማግሌ ናቸው። ወደ እኔ ዞረው «ኡስታዝ፣ እናንተ ጁሙዓን እንደምትጠብቁ እናውቃለን። ሌላ ሥራ የማትነኩበት ቀን አለ?» አሉኝ።

«የለም አያ፣ ሁለቱ ዒዶች ናቸው እንጂ» አልኳቸው።

«እንግዲያውስ ጁሙዓን ለእኛ ተዉት፤ ሚካኤልንና ማርያምን እናንተ ያዙልን።»

ቤቱ ሳቀ። ግን ቀልድ አልነበረም፤ በቃለ ጉባኤ ተጻፈ። ይኸው እስከ ዛሬ በወር የክርስቲያኑ በዓል በዋለ ቀን የእኛ ሰዎች እንጨት ያቀርባሉ፣ ጁሙዓ ቀን የእነሱ ሰዎች ውሃውን ይቀዳሉ። ጥቂት መሆናችን አንድ ጊዜ እንኳ ለትምህርት ቤቱ ጠቀመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የሙስሊሞቹ ተራ» ሲባል በመንደሩ ክብር ያለው ቃል ነው።

ረመዷን ሲመጣ ሌላ ጥያቄ ተነሣ። ከፍ ያሉት ልጆች ይጾማሉ፤ የተቀቀለ ምግብ ደግሞ እስከ መግሪብ አይቆይም። እዚህ ላይ የወሰንነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ለጿሚዎቹ የሚደርሰው ድርሻ በሌላው ድስት ላይ ይጨመር እንጂ በስማቸው እንዳይመዘገብ፤ የአማና ጉዳይ ነውና ያልበላ በልቷል ተብሎ አይጻፍም። ሁለተኛው ለወላጆች የተነገረ ነው። ለዐቅመ ጾም ያልደረሰ ልጅ ጾም አልተገደደም። ማለማመድ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሰባት ዓመት ልጅ «እኔ እጾማለሁ» ብሎ ጓደኞቹ ሲበሉ ራሱን እያዞረው ክፍል መቀመጡን ጀግንነት አታድርጉበት። ይህን መስጂድ ውስጥ የተናገርኩት እኔ ነኝ፤ አንዳንድ አባቶች ፊታቸው እንደጠቆረ ትዝ ይለኛል። ሸሪዓው የሰጠውን ማቅለል ወላጅ ሊነሳ አይገባም፤ በተለይ በእኛ አገር ልጁ የሚበላው ያው አንድ ሳህን ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ክፍል ውስጥ እንግባ። አጥርና ሽንት ቤት መሥራት ለኅብረት ቀላል ነው፤ ድንጋይ ይሰበሰባል፣ ጉልበት ይዋጣል፣ ሲያልቅ ፎቶ ይነሣል። ክፍል ውስጥ ስለሚሠራው ሲነሣ ግን ወላጅ «እኛ ያልተማርን ምን እናውቃለን» ብሎ ይሸሻል። በ2014 የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ከመቶ 50 እና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016ም ወደ 5.4 ከፍ አለ ተብሎ ነው የተደሰትነው። ይህ ውጤት 12ኛ ክፍል ላይ የተበላሸ አይመስለኝም። አንደኛ ክፍል ላይ ፊደል ሳይለይ ያለፈ ልጅ ነው 12ኛ ላይ የወደቀው።

እኛ ዘንድ የአንደኛ ክፍል መምህርቷ ለኅብረቱ ያቀረበችው አቤቱታ አጭር ነበር፦ «ልጆቼ ደብተር የላቸውም፤ ያላቸውም እንዳያልቅባቸው አይጽፉበትም።» ጣታቸውን በአየር ላይ እያስኬዱ ነው ፊደል የሚለማመዱት። መሬት ላይ እንዳይጽፉ ክፍሉ ጠጠር ነው። ጦርነቱ በ2013 ማብቂያና በ2014 መጀመሪያ ዋግን አቋርጦ ሲያልፍ ዴስኮች ተሰባብረዋል፤ እግሩ የነደደ፣ ገበታው የቀረ ዴስክ በመጋዘኑ ጥግ ተከምሮ ነበር። ያንን ሳይ ሉሕ ታየኝ።

መድረሳ የገባችሁ ታውቁታላችሁ። ሉሕ ከእንጨት የተጠረበ የቁርኣን መጻፊያ ሰሌዳ ነው። በጥላሸት ቀለም ትጽፋለህ፣ ትሐፍዛለህ፣ ሸይኽህ ፊት ታነባለህ፣ ከዚያ አጥበህ እንደገና ትጽፋለህ። አንድ ሉሕ ከአሊፍ ጀምሮ ቁርኣን እስክታኸትም ያገለግላል፤ ደብተር አይጠይቅም። ወሎ ውስጥ ሸይኾቹ በዚህ ሰሌዳ ነው ትውልድ ያስተማሩት። «እነዚህን ገበታዎች በትንሽ በትንሹ ብንቆርጣቸውስ?» አልኩ።

አናጢ የሆነ ወላጅ መጋዝ ይዞ መጣ። ከመድረሳዬ ከፍ ያሉ ሁለት ልጆች በድንጋይና በአሸዋ አለሰለሱት። ቀለሙን እኔ አዘጋጅ ነበር፤ ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥላሸት፣ የግራር ሙጫ፣ ውሃ። አንድ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ ወላጅ፣ መሪጌታ ናቸው፣ አጠገቤ ቆመው ሲያዩ ቆዩና «ይኸ ይፈዝዛል፤ ያረረ ገብስ ጨምርበት» አሉኝ። የብራና ቀለም እንደዚያ ነው የሚበጠበጠው ለካ። ገብስ አቃጥለን ጨመርን፣ ጠቆረ፣ ያዘም። ትንሽ ብቻ ሲታጠብ አስቸገረ፤ ለብራና የሚፈለገው እንዳይለቅ ነው፣ ለሉሕ የሚፈለገው እንዲለቅ። ስለዚህ ሙጫውን ቀነስን። መቃውን እሳቸው ቀረጹ። ከሁለት ከሰዓት በኋላ በላይ ያልፈጀ ሥራ ነው። በትምህርት ቤቱ ዕቅድ ላይ «ከአካባቢ ቁሳቁስ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ማዘጋጀት» ተብሎ ለዓመታት ሲጻፍ የኖረው መሥመር ያኔ ሥጋ ለበሰ።

መስጂድ ውስጥ አንድ ወንድም ተቆጣ፤ «ሉሕ የቁርኣን ነው፤ እንዴት ለሌላ ነገር ይውላል?» አለ። መልሱ ቀላል ነው። ክብሩ የአላህ ቃል ነው እንጂ የጣውላው አይደለም። ቁርኣን የተጻፈበት ሉሕ ሲታጠብ ውሃው የትም አይደፋም፤ እነዚህ ሰሌዳዎች ግን ቁርኣን ተጽፎባቸው አያውቅም፣ የተሠሩትም ለዚያ አይደለም። የመድረሳዎቹን ሉሖች ከትምህርት ቤቱ ጋር አልቀላቀልንም።

ሰሌዳዎቹ አንድ ያላሰብነውን ነገር አመጡ። ዋግ ውስጥ በመጀመሪያ ክፍሎች በኽምጥኛ የሚማሩ ልጆች አሉ። የኽምጥኛ ፊደል ከግዕዙ ፊደል ነው የተወሰደው፤ ሆኖም እንደ «ጝ» ያሉ በአማርኛ የማንጠቀምባቸው ድምፆች አሉት። ማንበቢያ መጽሐፍ አነስተኛ ነው። መምህርቷ ኽምጥኛ አጥርተው የሚናገሩ አንዲት አያት ክፍል ጋበዘች። እሳቸው ተረት ሲያወሩ እሷ በተቀደደ የማዳበሪያ ጆንያ ጀርባ ላይ በትልልቁ ጻፈችው፣ ልጆቹም በሰሌዳቸው ገለበጡት። አሁን ሦስት እንዲህ ያሉ ጆንያዎች ዳሱ ውስጥ ተሰቅለዋል። አያትዬዋ መጻፍ አይችሉም። ተረታቸው ግን ልጅ እያነበበው ነው፤ ወላጅ ካልተማረ ምን ይጠቅማል ለሚለው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

አሁን ወደ እኛ ወደ ሙስሊሞቹ ልመለስ። የኅብረቱ ምርጫ ሲደርስ ከጀመዓችን የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ «የእነሱ ትምህርት ቤት ነው፣ እነሱው ይሰብሰቡበት» የሚል ነው። ከተማ ያላችሁም በሌላ ቋንቋ ይህንኑ ትላላችሁ፤ «መድረሳችንን እናጠናክር፣ የመንግሥቱን ትምህርት ቤት መንግሥት ይየው።» መድረሳ ማጠናከሩን ከእኔ በላይ የሚፈልግ የለም፤ እንጀራዬም ነው። ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከነቢይነታቸው በፊት በዐብዱላህ ኢብን ጁድዓን ቤት የተገኙበትን ስምምነት አስታውሱ፣ ሒልፈል ፉዱልን። የተገፋ ሰው መብቱን እንዲያገኝ የመካ ሰዎች ተማምለው የገቡት ውል ነው። ተዋዋዮቹ ሙስሊሞች አልነበሩም። ሆኖም ከነቢይነት በኋላ፣ በእስልምናም ቢጠሩ ለእንደዚያ ያለ ውል እንደሚቆሙ ተናግረዋል። ከጎረቤት ጋር በሐቅ ነገር ላይ መቀመጥ ሃይማኖት ማቀላቀል ቢሆን ኖሮ እንዲያ አይሉም ነበር።

የበድር ምርኮኞችም አሉላችሁ። የሚከፍሉት ያጡት የየድርሻቸውን የመዲና ልጆች መጻፍ አስተምረው እንዲለቀቁ እንደተደረገ የሲራ ኪታቦች ዘግበዋል። ከጦር ሜዳ የመጣ ሙሽሪክ የአንሷሮችን ልጆች ፊደል አስተማረ ማለት ነው። ወሕዩን ከጻፉት ሶሓቦች አንዱ ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ) መጻፍን ከእነዚያ ምርኮኞች ከተማሩት ልጆች መካከል እንደነበር ይወሳል። እንግዲህ የእኛዋ መምህርት ምርኮኛ አይደለችም፤ ጎረቤታችን ናት፣ ሐዘናችን ላይ ትደርሳለች።

ይህን ስል ሌላውን ጫፍ የምትይዙም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኅብረቱ የደዕዋ መድረክ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ይላል። ያ አንቀጽ እኛንም ይጠብቀናል፣ እኛንም ያስረናል። ስብሰባው ላይ የምቀመጠው እንደ ወላጅ ነው። ጥምጣሜን ሁሉም ያያል፤ ስለ ጥምጣሜ ግን አላወራም።

ይልቅስ በጣም የሚያሳስበኝ የመተዳደሪያ ደንቡ ነገር ነው። በ2017 በአክሱም ከመቶ በላይ ሙስሊም እህቶቻችን በሒጃባቸው ምክንያት ለፈተና መመዝገብ ተቸግረው ጉዳዩ ፍርድ ቤት መድረሱን ሁላችንም ተከታትለናል፣ በየገጹም ጽፈናል። መጻፉ ተገቢ ነው፤ መብትም ነው። ግን ከእናንተ ስንታችሁ ናችሁ እናንተ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ደንብ ስለ ልብስ ምን እንደሚል የምታውቁት? ስለ ጁሙዓ ቀን መውጫ ሰዓትስ? ደንብ በዓመቱ መጀመሪያ ለውይይት ይቀርባል። ቃላቱ የሚመረጡት ያኔ ነው። «ዩኒፎርም የተሟላ ይሁን» በሚለውና «ራስን መሸፈን ክልክል ነው» በሚለው መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰው እጁን አውጥቶ «ይኸ ምን ማለት ነው?» ብሎ በመጠየቁ የሚወሰንበት ጊዜ አለ። ያ ሰው ከሌለ ደንቡ ይጸድቃል፤ በክፋት ላይሆን ይችላል፣ ማንም ስላላሰበበት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ የጥበቃው ሰው በር ላይ ያቆመሻል፣ ደንቡን ያሳይሻል፣ ደንቡም እውነት አለ። ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ ጠበቃ። እኛ ትምህርት ቤት የዓርብ የከሰዓት ፈረቃ ከሶላት በኋላ እንዲጀምር የተስተካከለው በሃያ ደቂቃ ንግግር ነው። ምንም ዓይነት ሰልፍ አላስፈለገም። ሰብሳቢው «ለምን እስከ ዛሬ አልነገራችሁንም?» ብለው ነው የገረማቸው።

ገንዘቡን በተመለከተ አጥብቄ የምናገረው አለ። ብዙ ቦታ ኅብረቱ ራሱ የመዋጮ ሰብሳቢ ሆኖ ቀርቷል፤ ዕቅዱ ተጽፎ አልቆ ይመጣል፣ አባላቱ ይፈርማሉ፣ ማኅተም ይመታል። ይህን አይተው ጥሩ ሰዎች ሸሽተዋል። እኔ ግን መሸሹ አይዋጥልኝም፤ አማና በማያውቅ ሰው እጅ ላይ ስላየኸው አማናነቱ አይቀርም። እኛ ያደረግነው ከባድ ነገር አይደለም። በየሩብ ዓመቱ ገቢና ወጪው በትልቅ ወረቀት ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፋል፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ በወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ተማሪ ጮክ ብሎ ያነበዋል። ተማሪው ሲያነብ ስህተት ቢኖር ርእሰ መምህሩም ገንዘብ ያዡም ያፍራሉ። ከተለጠፈ ወዲህ ወላጅ መዋጮ ሲጠየቅ የሚያጉረመርመው ቀንሷል። በብር ብቻ አንቀበልም፤ አንድ ጣሳ ገብስም፣ አንድ የጉልበት ቀንም ይመዘገባል። ብር ሰጥቶ የማይመጣን ሰው ደግሞ አናመሰግንም፤ ይኸኛው ላይ አንዳንዶች ተቀይመውናል።

ከከተማ የምትረዱ ወንድሞች ሁልጊዜ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ዘካችንን ለትምህርት ቤት ግንባታ እናውል ወይ? የዘካ ተቀባዮች ሱረቱ ተውባ ላይ የተዘረዘሩት ስምንቱ ናቸው፤ አብዛኞቹ ዑለማእ ግንባታን በዚያ ውስጥ አያስገቡም። ለክፍል፣ ለጣራ፣ ለውሃ ታንከር የሚሆነው ሰደቃና ወቅፍ ነው። ዘካ ግን ደብተር መግዛት ላቃተው ድኻ ቤተሰብ በእጁ ሊደርሰው ይችላል፤ ከዚያ ደብተሩን ራሱ ይግዛ። ስትልኩ ይህን ለዩ። ደግሞም ለሙስሊም ልጆች ብቻ ብላችሁ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ዴስክ አትላኩ፤ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጅ ነው የሚቀመጠው፣ ስማቸውን እየጠየቅን አናስነሣም።

እናቶቹ የት እንደሚቀመጡ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጡት፤ ስብሰባው ሳያልቅ ወጥተው ውሃ እንዲቀዱ። ስብሰባ የሚጠራው ለወንድ በሚመች ሰዓት ነው። የእንጨቱን ነገር ያነሡት እናት ባይኖሩ ሴቶቹ ልጆች ሒሳብ እንዳመለጣቸው ይቀር ነበር። የስምንተኛ ክፍል ልጅ በድንገት ስትቀር ወንዶቹ አባላት «ታማ ይሆናል» እንላለን፤ እናቶቹ ግን ለማን እንደታጨች ጭምር ያውቃሉ። ከዚህ ዓመት ጀምሮ ስብሰባው ከእሑድ ቅዳሴና ከውሃ ሰዓት በኋላ እንዲሆን ተወስኗል፤ ቀሪዎችን ልጆች ቤት ለቤት ሄዶ የመጠየቁ ሥራም ለሦስት እናቶች ተሰጥቷል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ባለው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ብዙ ልጆች ከትምህርት ርቀዋል። በር በር እያንኳኳ የሚጠይቅ ሰው ከሌለ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እንኳ የማይመለሱ አሉ።

አዲስ አበባም ሆናችሁ ደሴ፣ ኮምቦልቻም ሆናችሁ ሰቆጣ፣ የልጃችሁ ወይም የወንድማችሁ ልጅ ትምህርት ቤት ሰብሳቢ ማን እንደሆነ ነገ ጠይቁ። ልጅ የሌላችሁ ወጣቶችም ሥራ አላችሁ፤ ሒሳብ የምታውቁ ቃለ ጉባኤና ወጪ ገቢ መጻፍ፣ ክረምት ላይ ማጠናከሪያ ማስተማር፣ መጽሐፍ መጠገን ትችላላችሁ። አባል ሳትሆኑም የሚሠራ ነው።

የእኛ የኅብረት ምርጫ መጪው መስከረም ላይ ነው። የእኔ ጊዜ ያልቃል፤ ሌላ ሰው እንዲገባ እፈልጋለሁ። ከመስጂዳችን እስካሁን ሁለት ሰዎች እንመረጥ ብለው ስማቸውን ሰጥተዋል። አንዱ ባለሱቅ ነው። ሁለተኛዋ የአራት ልጆች እናት ናት፤ ባለቤቷ ገና «እሺ» አላለም። ኢማማችን ከዒሻ በኋላ ሊያነጋግሩት ቀጠሮ ይዘዋል።